ፀሐይ የተመለሰች ዕለት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ የኒውፋውንድላንድ ንፋስ አሁንም ያሠቃየዋል? ያ ሰነፍ ወንድሜ ደህና ነው? እኔ ተመስገን፣ አለሁ። ፊደሎቼ ድንች ድንች ማከላቸው አይግረምሽ፤ በወፍራም ማርከር ነው የጻፍኩት፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርሻለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ሰምተሽ ቶሎ ስለምታውቂብኝ ነው።

እዚህ የዓለም ጣሪያ ላይ፣ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ባለው የጦር ሰፈራችን፣ በኦክቶበር የጠለቀችው ፀሐይ አራት ወር ተኩል አልወጣችም። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም ልናብድ ነበር። ቁርስ ይሁን እራት የማውቀው ሳህኑ ላይ እንቁላል ሳይ ነው። ሐኪሟ በየጧቱ ፀሐይ መሳይ መብራት ፊት ትገትረናለች፤ ወጥ ቤታችን ዋይኖት ጫጩት ልታስፈለፍለን ነው እያለ በሳቅ ይገድለናል። ማዕበል ሲነሳ ከሕንፃ ሕንፃ የተወጠረ ገመድ ይዘን ነው የምንሄደው። መውጫ የለም እማዬ። አውሮፕላኑ በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም አየሩ ከፈቀደ።

ሌሎቹ እያደር ለመዱት። እኔ ግን ከገና ወዲህ የሰው ፊት መሐል መሐሉ ይጠፋብኝ ጀመር። ጨለማው ነው ብዬ ተውኩት። ሁሉም እየዳበሰ ሲሄድ የእኔን ዳበሳ ማን ልብ ይላል?

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በረዶ ጠራጊውን መኪና ስነዳ፣ ዋይኖት የግንባር መብራቱን አብርቶ ፊት ለፊቴ ሲመጣ አላየሁትም። ዘሎ ተረፈ። ያለ የሌለ ስድብ አወረደብኝ፤ ዓይንህን ተረከዝህ ላይ ነው ወይ የተከልከው አለኝ። ወዲያው ደግሞ ራሱ ሳቀና፣ ይሄ የተረገመ ጨለማ አንድ ቀን ይፈጀናል ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም አዎ፣ ጨለማው ነው አልኩት። አፈርኩ እማዬ፣ እስካሁን አፍራለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ ቁልፉን ይቀሙኛል፣ ወታደርነቴም አበቃለት ብዬ ሌላ ሦስት ሳምንት ነዳሁ።

ትናንት ፀሐይ ተመለሰች። ሁላችን ኮረብታው ላይ ወጣን። ሰርጀንቷ ያቻት ብላ ስትጮህ ሰው ሁሉ ተቃቅፎ ጨፈረ፤ ዋይኖት እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም እነሱ ወደጠቆሙበት ጠቆምኩ፣ ጮህኩም። የጠቆምኩበት ግን ግራጫ ነገር ብቻ ነበር። ያኔ ዓይኑ የጠፋው ወንድምሽ፣ አጎቴ አምብሮዝ ትዝ አለኝ። በሃያ አምስት ዓመቱ መረብ መጠገን አቅቶት፣ ጭጋጉ ዘንድሮ አልገፈፍ አለ ይል ነበር ብለሽ የነገርሽኝ።

ከኮረብታው እንደወረድን ቁልፉን ለሰርጀንቷ አስረክቤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ለዋይኖትም ራሴ ነገርኩት። እሱም እራቴን አምጥቶ፣ ሥጋው በቀኝህ ነው፣ ድንቹ በግራህ ብሎኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሐኪሟ ዓይኔን መርምራ፣ ይህ የዓይን ሕመም በእናት በኩል ሳይወርድ አይቀርም ትላለች። እባክሽ በሞቴ፣ ራስሽን እንዳትወቅሺ፤ አንቺ ምንም አላጎደልሽብኝም። ታናሼን ግን ነገ ዛሬ ሳትይ አስመርምሪው። የአጎቴንም ወንበር ከመስኮቱ ሥር አታንሺው።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ጭጋግ አያልብሰው። በሚቀጥለው አውሮፕላን እመጣለሁ። ልትቀበይኝ ስትመጪ እንደ ልማድሽ ከሩቅ እጅሽን አታውለብልቢልኝ። ስሜን ጥሪኝ።

የበኩር ልጅሽ