ከኋላ ያልመጣው ድምፅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

«መሪጌታ የሉም» አለች እማዬ።

ሩብ ሰዓት ሙሉ ጆሮዋን ጥላ ስትሰማ ቆይታ ነው እንዲህ ያለችው። እኔም ስሰማ ነበር። ከበሮው አለ። ጸናጽሉ አለ። በቀኝ የቆሙት አሉ፣ በግራ የቆሙት አሉ፣ የሴቶቹ እልልታ እንኳ ከሩቅ ይመጣል። እሷ መሪጌታ የምትላቸው አባባ ግን የሉም። ቲቪው ላይ መሐል ቆመው ይታያሉ፤ መቋሚያቸው ትከሻቸው ላይ ነው፣ አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፃቸው የለም።

እማዬ ምስሉን አታይም። ባለፈው ሳምንት የአንድ ዓይኗ ሞራ ተገፎላት በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላኛው ከድሮም ደክሟል። ያላት ጆሮዋ ብቻ ነው።

«ምናልባት ኋላ ይገቡ ይሆናል» አልኳት።

«መሪጌታ ሳይመሩ ማን ይጀምራል?»

እውነቷን ነው።

ለራሴ እንዲጠራልኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው። ይህን የቀረጸው ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ነው፤ ባለፈው ጥር፣ አንኮበር፣ የደብራችን ንግሥ ዕለት። እሱ ጅጅጋ የመንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ሰርግ ይቀርጻል፣ ለድምፅ ያለው ፍቅር ልክ የለውም። እኔም ለንግሡ እመጣለሁ ብዬ ነበር። የምዝገባ ሳምንት ሆነና የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ቢሮ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባባ አረፉ። ለቅሶው ላይ ዮናስ ሰው ፊት «ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሲያዩልሽ ነው የዋሉት» አለኝ። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ።

ለፋሲካ ግን እኔ ዘንድ መጣ። ይህን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ፦ ቅጂው የተጫነበት ትንሽ ጥቁር ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር፣ አምስት ስፒከር፣ አንድ ቤዝ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳዬን ሲበሳ ዋለ። ሊሞክረው ሲል መብራት ጠፋ። እንደጠፋ አመሸ፣ እሱም በማግስቱ ማለዳ ወደ ሥራው ሄደ። በሩ ላይ «ስሚው፣ እሺ?» ብቻ ነው ያለኝ። አምስት ደቂቃ ያህል ምስላቸውን አየሁና አልቻልኩም፤ ድምፃቸው አለመምጣቱን እንኳ ልብ ሳልል ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እሱም አልደወለ፣ እኔም አልደወልኩ።

እማዬ እሑድ ወደ አንኮበር ትመለሳለች። ለሕክምናው ስትመጣ ከምንም በፊት የጠየቀችኝ ይህን ነው። «ያንን ዮናስ የቀረጸውን ታሰሚኛለሽ» አለች፣ ጋቢዋን እንኳ ሳታወልቅ።

ማክሰኞ

ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ከሶፋው ጀርባ ገባሁ። ያገኘሁትን ልጻፍ።

ፊት ያሉት ሁለት ስፒከሮች፦ ይሠራሉ።
ከቲቪው ሥር ያለው የመካከለኛው፦ ዝም።
ከኋላ ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለቱ፦ ዝም። ጆሮዬን ለጠፍኩባቸው። ምንም።
ቤዙ፦ ይሠራል፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ። ከበሮው ሲመታ የብርጭቆው መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል።

ስድስት ወር ሙሉ እነዚህ ሦስቱ ዝም ብለው እዚህ ተሰቅለዋል። አቧራቸውን ሳራግፍ ኖሬያለሁ፣ መሥራት አለመሥራታቸውን ግን አላውቅም ነበር።

«ምን ትቆፍሪያለሽ እዚያ?» እማዬ ናት።

«ገመድ እያየሁ ነው።»

«አባትሽን ገመድ ውስጥ ነው የምትፈልጊያቸው?» ብላ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳትስቅ፣ «ድምፃቸው እየጠፋብኝ ነው ሰብልዬ። ነገራቸው ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ የሚሉትን አውቀዋለሁ። ድምፁ ግን የራሴ እየሆነ ይመጣብኛል» አለች።

እኔም እንደዚያ ነኝ። ወደ ገመዱ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ የሚካኤል ዕለት

ከጠዋት ውርጭ ነበር፣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የነጋው። እማዬ በፋሻዋ ላይ ነጠላ ጠምጥማ፣ በነጠላው ላይ ጋቢ ደርባ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ አለች። ክርንዋን ይዤ አደረስኳት።

ከተመለስን በኋላ፣ በምሳ ሰዓት ጋሽ ፍቃዱ መጡ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በፋብሪካ ኤሌክትሪሽያንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አምፕሊፋየሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ከግራው የፊት ስፒከር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ ከመካከለኛው። ከዚያ ከቀኙ። ከዚያ ከኋላ ከቀኝ! ዘለልኩ። ከኋላ ግራው ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ስፒከሮቹ ጤነኞች ናቸው። አንዱ ብቻ ነው የታመመው።»

የታመመውን ገመድ በእጃቸው እየዳሰሱ ተከተሉት። የሶፋው እግር ቆሞበት ኖሯል። ስድስት ወር ተቀምጬበታለሁ ማለት ነው። የተጨፈለቀውን ቆርጠው፣ ልጠው፣ መዳቡን ጠምዝዘው ቀጠሉት። እንደገና ቁልፉን ሲጫኑ አምስቱም ተራ በተራ «ሽሽሽ» አሉ።

«እንደ ዝናብ ዞረኝ!» አለች እማዬ። ደስ አላት። እኔም ደስ አለኝ፣ ያለቀ መስሎኝ።

ቅጂውን ከፈትነው። ከበሮ፣ ጸናጽል፣ እልልታ፣ ሁሉም ከፊት። ከኋላ ምንም።

ጋሽ ፍቃዱ ብዙ አሰቡ። «እነዚህ ሦስቱ መናገር ይችላሉ፣ የሚመጣላቸው ነገር ግን የለም። መንገድ ላይ የሚያስቀረው አለ። ከዚህ በላይ እኔ አላውቅም፣ የሰቀለውን ሰው ጠይቂ።»

የሰቀለውን ሰው።

ሐሙስ

አልደወልኩም። መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። «ሰላም ዮናስ፣ ስለ ስፒከሩ ጉዳይ ነበር» ብዬ ጀመርኩ፤ ለባዕድ የተጻፈ መሰለኝ። «ዮኒዬ» ብዬ ጀመርኩ፤ ያን ደግሞ ምን ቆርጦኝ?

ራሴ ልሞክር አልኩ። የማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ስለ ድምፅ የሚል ክፍል አገኘሁ። አንዱን መረጥኩ፣ ፊት ያሉትም ጭምር ዝም አሉ። ሌላውን መረጥኩ፣ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ እንደሚዘንብ ያለ ጩኸት ቤቱን ሞላው። እማዬ ከተጋደመችበት ዘላ ተነሣች፣ እጇ ፋሻው ላይ። ሶኬቱን ነቀልኩት። ዓይኗ ተነካ ብዬ ሮጬ ፋሻውን አየሁላት።

«ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» አለች። «ለምን ዮናስን አትጠይቂውም?»

«ኔትወርክ የለም እነሱ ጋ።»

«ከፋሲካ ወዲህ?»

ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ዓይኗ ቢሸፈንም ታያለች።

ሁሉንም ወደነበረበት መለስኩት። እንደ ሰኞው ሆነ። መበላሸቱ አልከፋኝም፤ አለማወቄ ነው የከፋኝ። ዮናስ ቢኖር አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይጨርሰው ነበር። ድሮም የአባባን ሬዲዮ እሱ ነበር የሚፈታው፣ እኔ ብሎኖቹን በሳህን እይዝለታለሁ። አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ዓርብ

ጥሩ ነገር፦ የእማዬ ፋሻ ተነሣ። ሐኪሟ ጣቶቿን ዘርግታ «ስንት ነው?» ስትላት «ሦስት፤ ቀለበትሽ ደግሞ ቆንጆ ነው» አለቻት። ሁላችንም ሳቅን። ከሆስፒታሉ ወጥተን ባጃጅ እስክናገኝ ድረስ የሱቆቹን ጽሑፍ እንደ ልጅ እያነበበች ቆመች።

ክፉ ነገር፦ ቤት እንደገባን «ክፈቺው» አለች። ልከለክላት ፈለግሁ። ከፈትኩት። አባባን አየቻቸው። ካባቸውን፣ ጥምጣማቸውን፣ የሚንቀሳቀሰውን ከንፈራቸውን። ቀርባ መስታወቱን በጣቷ ነካች።

«ምን እያሉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጓዳ ገብቼ ደወልኩ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሳው።

«ሰብለ?» አለ። በስሜ። ድሮ «እታለም» ነበር የሚለኝ።

«እማዬ እዚህ ናት። ደህና ናት፣ ዓይኗ ተከፍቷል። አባባን አልሰማቻቸውም። የት ነው ያደረግካቸው?»

«ምን ማለት ነው የት?»

«ቅጂው ውስጥ። ሁሉም ሰው አለ፣ እሳቸው የሉም።»

ከሰዎች መሐል እየወጣ ነው መሰለኝ፣ ኮቴው ተሰማኝ።

«ከኋላ ነው ያደረግኳቸው» አለ በመጨረሻ። «ካባቸው ላይ ትንሽ ማይክ ሰክቼላቸው ነበር። እሱን ለብቻው ከኋላ አደረግኩት፤ ሌሎቹ ማይኮች በቀኝና በግራ ካህናት አጠገብ ስለነበሩ የሳቸውን ድምፅ አልያዙም። ቤት ስናጠና ከኋላችን እየተንጎራደዱ ያዜሙ አልነበር? እንደዚያ እንዲሆን ብዬ። የኋላዎቹ አይሠሩም እንዴ?»

«አይሠሩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጅምሩ። ከኋላ ምንም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።»

«ወይኔ» አለ። ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። ከዚያ በፍጥነት ያወራ ጀመር፦ ገመዱ ከየት ወዴት ነው የሄደው? ከማጫወቻው ወደ ቲቪው፣ አልኩት። ከቲቪውስ? ቀጭን ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ። «እሱ ነው! ቲቪሽ የፊት ሁለቱን ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ሌላውን ያስቀረዋል። ማጫወቻው በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ መግባት አለበት፣ ቲቪው ከአምፕሊፋየሩ ምስሉን ይቀበላል። የዚያን ቀን ያለኝ ኤችዲኤምአይ ገመድ አንድ ብቻ ነበር። ሌላ ልልክልሽ ነበር።»

«ለምን አልላክህም ታዲያ?»

«ሰምተሽው ዝም ያልሽ መስሎኝ ነዋ።»

«ምኑን ነው የምሰማው?»

«አልነግርሽም» አለ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ገመዱን ግዢ። እሱን ስትሰሚ ደውዪልኝ።»

ቅዳሜ

ገመዱን ከገበያው በላይ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገዛሁ። ሁለት ሜትር። ቤት ስደርስ መብራት የለም። እስከ ስምንት ሰዓት ገመድ ታቅፌ ተቀመጥኩ። እማዬ ጋሽ ፍቃዱ ቤት ሄዳለች፤ ለባለቤታቸው ዓይኔን አሳያታለሁ ብላ።

መብራቱ መጣ። ዮናስ እንዳለው አደረግሁ። አንዱ ገመድ ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ሌላው ከአምፕሊፋየሩ ወደ ቲቪው። ማስተካከያው ላይ ሁለት ስፒከር የሚለውን ወደ አምስቱ ቀየርኩ። ቅጂውን ከመጀመሪያው ከፈትኩ።

ገና ዜማው ሳይጀመር፣ ካህናቱ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ፣ ከጀርባዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ዞርኩ። እውነቴን ነው፣ ዞርኩ። ግድግዳ ነው ያለው።

«ይህን ነገር አጥብቀህ ሰካኸው? እንዳይወድቅ» አሉ አባባ።

«አጥብቄዋለሁ» ይላል ዮናስ።

«እህትህ ደወለች?»

«ደወለች። ሥራ አልለቀቀኝም፣ አልመጣም አለች።»

ልብሳቸው ማይኩን ሲነካው ይሰማል።

«ይሁን» አሉ። «የሰው ልጅ ተሰልፎ እየጠበቃት እንዴት ጥላ ትመጣለች? እኔም ንግሥ ጥዬ እሷ ዘንድ አልሄድም። አደራህን፣ ቀረሽ ብለህ እንዳትወቅሳት። በል ወዲያ በል፣ ልንጀምር ነው።»

ከዚያ ጀመሩ።

ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስንት ጊዜ ወደኋላ መልሼ እንደሰማሁት አላውቅም። ዘጠኝ ወር ያህል በር በሩን የሚያዩ አባት ተሸክሜ ነው የዞርኩት።

ደወልኩለት። ሲያነሳው «ሰማሁት» አልኩት።

«አደራቸውን በላሁ» አለ ዮናስ። «ለቅሶው ላይ። በጣም ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በር በሩን ያየሁት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ትስማው፣ ከራሳቸው አፍ ትስማው ብዬ ያን ሁሉ ዕቃ አመጣሁ። ከዚያ ስትጠፊ፣ ሰምታው እንኳ ይቅር አላለችኝም አልኩ።»

«እኔ ደግሞ እንዳኮረፍክ ነው ያሰብኩት።»

«በገመድ ምክንያት!» አለና ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «እታለም» አለኝ።

እንዲመጣ ነገርኩት። ፈቃድ እጠይቃለሁ አለ። ሥራቸው መንገዱን ከዝናብ በፊት መጨረስ ነው፤ አለቃው እሺ ይበለው አይበለው አያውቅም። እኔ ስለ ሥራ ለማንም ምንም ማለት አልችልም።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ እማዬን ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። ዕቃዋ ተሰናድቶ በር ሥር ነው፤ የአንኮበር ሚኒባስ እስኪሞላ ጊዜ አለ። የመጀመሪያውን ንግግር አሳልፌ ልክፈተው ወይስ አላሳልፈው ብዬ አመነታሁ። አላሳለፍኩትም።

ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እማዬ አልደነገጠችም። እንደኔ ዞራም አላየችም። ወዲያው ብድግ አለችና ሶፋውን ትታ የጠረጴዛውን ወንበር አነሳች፤ ፊቱን ወደ ኋላ ግድግዳ አዙራ፣ ለቲቪው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ዓይኗ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን ምስሉን አላይም አለች።

ስለ እኔ የተባባሉትን ሰማች። እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና እጄን ያዘች።

ዜማው ሲጀመር «ቀንሺው» አለች። «እሳቸው እንዲህ አይጮኹም።»

ቀነስኩት።

«አሁንም።»

ቀነስኩት። የፊቶቹ ካህናት ራቁ፣ ከበሮው ከሌላ ቤት የሚመጣ መሰለ። አባባ ከኋላ ስፒከሩ እንደ ሰው ልክ ሆኑ። እማዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አብራቸው እያለች እንደሆነ ወይም እያናገረቻቸው እንደሆነ አላወቅሁም። አልጠየቅኋትምም።

ቅጂው ሃምሳ ደቂቃ ነው። አርባው ላይ ስንደርስ እጇን አነሳች።

«አቁሚው።»

«ትንሽ ነው የቀረው እማዬ። አሥር ደቂቃ።»

«አውቃለሁ። እሱን ዮናስ ሲመጣ እንሰማዋለን።»

«መቼ እንደሚፈቀድለት አይታወቅም እኮ።»

«ይቆይ» አለች። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰችና ነጠላዋን አስተካከለች።

እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። ሚኒባሱ መስኮት ዳር ተቀምጣ፣ እስክትጠፋ ድረስ በተከፈተው ዓይኗ አየችኝ። ቤት ተመልሼ ማጫወቻውን አየሁት፤ የቆመበትን ቦታ ይዟል፣ አርባ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። አልነካሁትም። ለዮናስ ጻፍኩለት፦ «አሥር ደቂቃ አስቀምጠንልሃል።»

እስካሁን አላነበበውም። ኔትወርክ ይሆናል።