ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮዬ

ማክሰኞ ጠዋት፣ መጋቢት 12

ለቁንጫዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የዚያ አገር ብርድ አፍንጫሽን አቅልቶት ይሆናል፤ ድሮም ከሩቅ የሚታይ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሐኪም ቤት የገባሁት ለጉልበቴ ነው፤ ጉልበት ለማከም ደረት ለምን እንደሚያዳምጡ ግን እንጃላቸው።

አልጋዬ መስኮት ሥር ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በሊፍት ሰው ሳወጣና ሳወርድ የኖርኩበት አሮጌ ሕንፃ ይታየኛል። እሱም እንጨት ተረብርቦበት እየታደሰ ነው፤ በዕድሜ ቢበልጠኝም አብረን ታመናል።

ያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው፣ መዝጊያው ተከፍቶ የማያውቀው መስኮት ትዝ ይልሻል? «የኔ ቢሮ ነው» ስልሽ ከታች ሆነሽ እጅሽን ታወዛውዢለት ነበር። አንድ ቀን ደረጃውን እየዘለልሽ ወጥተሽ፣ «አባባ፣ ቢሮህ እኮ በር የለውም» አልሽኝ። «ትልቅ ባለሥልጣን በር ምን ያደርግለታል?» ብልሽ አኮረፍሽ። ከመስኮቱ ኋላ ሊፍቱ የሚመላለስበት ጉድጓድ ነበር። የድሮዎቹ ግንበኞች፣ በግራ መስኮት ካለ በቀኝም ይኑር፣ ሕንፃው አንድ ዓይና አይምሰል ብለው፣ ቅስቱን በድንጋይ ጠርበው፣ መዝጊያ ገጥመው፣ ከኋላው ድፍን ግድግዳ አቆሙ።

አሁን አዲሱ ሊፍት በሌላ በኩል ስለተገጠመ ጉድጓዱ ወለል ተሠርቶለት ክፍል ሊሆን ነው። ትናንት የግንበኞቹ አለቃ፣ የድሮ ወዳጄ፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣

«ግድግዳውን በሚመጣው ሳምንት ልናፈርሰው ነው» አለኝ።

«ቢሮዬን? ያለ ፈቃድ?»

«ፈቃጁ ማነው ደግሞ?»

«የልጅ ልጄ ናት። ስትሄድ፣ ‹ስመለስ ቢሮህን ትከፍትልኛለህ› ብላኛለች።»

ሳቀ። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጠችውን እናትሽን አየት አደረገና ሳቁን ዋጠው። «እሺ፣ መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን። ከወሩ መጨረሻ ግን አያልፍም» አለ።

እናትሽ ኮሪደር ላይ ከሐኪሙ ጋር ትንሾካሾካለች። ዓይኗ ቀልቶ ስትመለስ «አቧራ ገብቶብኝ ነው» ትለኛለች። ይኼ ቤት በቀን ሦስቴ ይወለወላል።

ነይ አልልሽም፤ ሥራ አለሽ። ብቻ መስኮቱ ሲከፈት ብርሃኑ ወዴት እንደሚገባ አብረሽኝ ብታዪ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘግይተሽ ደርሰሽ አልጋዬን ባዶ ካገኘሽው አትደንግጪ። ወደ መንገዱ ውጪና ቀና በዪ። መስኮቱ ክፍት ከሆነ ሥራ ገብቻለሁ ማለት ነው። እንደ ድሮው እጅሽን አወዛውዢልኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። አንቺንም ያንን አፍንጫሽንም ያቆይልኝ።

ባለ ቢሮው አያትሽ