ለተረፈው ፕሮሰሰር ቦርድ ፍለጋ

ሰኞ፣ ጥር 16

«አልሸጥልሽም» አለኝ ሙሉቀን። የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ሆኖ ቦርድ አልሸጥም! አብረን ዩኒቨርሲቲ የተማርን፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ደብተሬን ሲለምነኝ የኖረ ሰው። «ታቃጥዪውና ብልሹ ሸጠልኝ ብለሽ መናኸሪያውን ሁሉ ትሰበስቢብኛለሽ።»

ወሬው እሱም ሱቅ ገብቷል ማለት ነው። አሠሪዬ የነበረው ጋሽ ደምለው ያላወራበት ቦታ የለም። የቪዲዮ ቤቴን ኮምፒውተር አቃጠለችው፤ ሴት ልጅ ትምህርት ሲበዛባት እንዲህ ነው፤ እያለ። በገና ማግስት አባረረኝ። የሞተውን ኮምፒውተር በር ላይ አውጥቶ «ሬሳውን ውሰጂና አንቺው ቅበሪው» አለኝ። ሰው እየሳቀ ተሸክሜው ወጣሁ። እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልለውም። ፊት ለፊት ያልኩት ይበቃዋል።

ግን አልቀበርኩትም። ፈታታሁት። የሞተው ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ ብቻ ነው። የማሽኑን አእምሮ፣ ፕሮሰሰሩን፣ ኮሌጅ የምታስተምር ጓደኛዬ ሌላ ቦርድ ላይ ሞከረችልኝ፤ ደህና ነው። እሱን የሚያበርደው ትልቁ ማራገቢያም ደህና ነው።

ትናንት ሮብ ገበያ ከተማ የመሪጌታ ላቀን ልጅ ሠርግ በተውሶ ካሜራ ቀረጽኩ። ፊልሙ ለመልሱ፣ ለመጪው እሑድ መድረስ አለበት። መሪጌታ አዩኝና «ማሽን አቃጠለች የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «የሚሉኝስ እኔን ነው» አልኩ። «እንግዲያስ ከእሳቱ የወጣ ወርቅ ይሁንልሽ።»

እሑድ ካላደረስኩ ደምለው እውነቱን ተናገረ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

ዛሬም ሙሉቀን ሱቅ ሄድኩ። ደንበኞቹ ፊት ጮክ ብዬ «ቢቃጠል አልመልስም፤ እነዚህ ምስክሮቼ ናቸው» አልኩት። አፈረና አወጣልኝ።

መጀመሪያ ያመጣው ቀይ መብራት ዳር ዳሩን የሚበራለት ቦርድ ነው። «የወጣት ነው፣ ውሰጂ።» ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ዙሪያ አየሁ። ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያከፋፍሉት ክፍሎች ራቁታቸውን ናቸው፤ ሙቀት የሚያወጣላቸው ብረት አልለበሱም። የሞተውም ቦርድ ልክ እንዲህ ነበር። ሲገዛው ነግሬው ነበር፣ ደምለውን። «አንቺ አስተማሪ ነሽ ሠራተኛ?» አለኝ። ከዚያ የሠርግ ሥራ ሲደራረብ «ፍጥነቱን ጨምሪልኝ» ያለኝ ራሱ ነው። በጥቂቱ ጨመርኩለት። አልክድም።

ሁለተኛው ቦርድ ብረት አለው፤ ቺፕሴቱ ግን ፍጥነት መጨመር አይፈቅድም። እግሩን ታስሮ የሚሸጥ በቅሎ።

«ምን እንዳገኝልሽ ነው የምትፈልጊው?» አለ ሙሉቀን።

ነገርኩት። ይህን ፕሮሰሰር የሚቀበል። ቺፕሴቱ ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ፍጥነት መጨመር፣ የሚፈቅድ። ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል በደንብ የለበሰ። ሙቀት ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋ። መብራት አያስፈልገኝም፣ ዋይፋይ አያስፈልገኝም፣ ሁለት ግራፊክስ ካርድ የምሰካበት ቦታም አያስፈልገኝም። ሩጫ ውድድር አልገባም። ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀኑን ሙሉ ሳይወድቅ የሚሠራ ነው የምፈልገው።

«ለባል እንኳ እንዲህ አትመርጪም» አለ።

«ባል በዋስትና አይመለስም፤ ለሱማ የበለጠ ነው የምመርጠው።»

ሳቀ። አዲስ አበባ ደወለ። ነገ በአውቶቡስ ይመጣል።

ረቡዕ፣ ጥር 18

መጣ። ጥቁር፣ ኮስታራ፣ ምንም ጌጥ የሌለው ቦርድ። ወደድኩት። የምርቃቴ ሐብል በሱ ሄደ፤ አንገቴ ቀለለኝ።

እማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስገጥም ስታየኝ ዋለች። «ይኼ ሁሉ ሽቦ ለአንድ ሠርግ?» ትላለች። ባዶ አንገቴን አየት አድርጋ ሽቦውን ታቀብለኛለች።

ከሰዓት መብራት እንደ ልማዱ ሄደ። ችግሬ ይኼው ነው። ጠዋት ሬንደር፣ ፊልሙን አዋህዶ የሚያወጣውን ሥራ፣ አስጀምሬ መብራት ከመሄዱ በፊት ካላለቀ ከዜሮ ነው የምጀምረው። በተራ ፍጥነቱ አይደርስም፤ አስልቼዋለሁ። ለጉራ አይደለም የማፈጥነው።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ገና ሲነሣ የቦርዱ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። ጮህኩ። እማ ከጓሮ ሮጣ መጣች፤ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሏት።

ባዮስ፣ የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ፣ ገብቼ ፍጥነቱን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። መነሻው ሦስት ነጥብ አምስት ጊጋኸርትዝ ነው። ትንሽ ጨምሬ ፈተና አስኬዳለሁ፣ ሙቀቱን አያለሁ፣ እንደገና እጨምራለሁ። አራት ነጥብ አራት ላይ ደርቆ ቀረ። አልተከራከርኩትም። ወደ አራት ነጥብ ሁለት መለስኩት። እዚያ ላይ ጸጥ ብሎ ሠራ። የጮቄ ብርድ ለሰው እንጂ ለማሽን ክፉ አይደለም፤ መስኮቱን ከፍቼ ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩ።

ቆርጬ ቀጥዬ ጨርሻለሁ። ነገ ጠዋት ሬንደር።

ዓርብ፣ ጥር 20

ጠፋብኝ።

ሬንደሩን አስጀምሬ፣ ሙቀቱ ደህና መሆኑን አይቼ፣ ባዶ ዲቪዲ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ስክሪኑ ጥቁር ነው። መብራት አለ። የቤቱ አምፖል በርቷል። ደምለው ትዝ አለኝ፤ ሳቁ፣ በሩ፣ ሬሳው።

ከዚያ አየሁት። ኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ዳንቴል። ጽጌረዳ ያለበት፣ ጫፉ የተዘረዘረ፣ እስከ ጎኑ ድረስ የወረደ። የላይኛውን የአየር መውጫ ድፍን አድርጎታል።

«ሐብልሽን ሰጥተሽ የገዛሽውን ራቁቱን ይቀመጥ?» አለች እማ። ሳምንቱን ሙሉ በድብቅ ስትሠራው ነበር።

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ግን መጀመሪያ ማንሣቱ ይሻላል። ዳንቴሉን ሳነሣ ብረቱ እጄን ፈጀኝ። ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል ማብሪያውን ነካሁ። ተነሣ! ቦርዱ አልሞተም። ሲግል ራሱን አጥፍቶ ነው። ለዚህ ነው የመረጥኩት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣልኝ። የደምለው ሚስት፣ እትዬ ብርቄ፣ ቀይ ዳንቴል ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ከኮምፒውተሩ ላይ የማነሣው እኔ ነበርኩ። የገና ዋዜማ ግን ሬንደር አስጀምሬ፣ ደምለው ልኮኝ ይጁቤ ለቀረጻ ሄድኩ። እሳቸው ለበዓል ቪዲዮ ቤቱን ያጸዱ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 21፣ ማርያም

ሬንደሩ አለቀ! መብራት ሳይሄድ። ሙሉውን ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ የእማን እጆች እያየሁ። ቅዳሴ ቀረብኝ፤ እመቤቴ ታውቃለች።

ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኳቸው። ጋሽ ደምለውና እትዬ ብርቄን።

«ያ ኮምፒውተር የሞተ ዕለት ዳንቴል ለብሶ ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ትላለች ይቺ!» አለ እሱ። «ዳንቴል ማሽን ገደለ ብለሽ ስታወሪ አታፍሪም?»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፉ። «አልብሼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አቧራ እንዳይገባው ብዬ። መጥተህ ጠፍቶ አግኝተህ ዳንቴሉን ያነሣኸው አንተው ነህ እኮ።»

ያውቅ ነበር! ከገና ጀምሮ ያውቅ ነበር። ስሜን ጥላሸት ሲቀባ ሁሉ ያውቅ ነበር።

«ነይ ወደ ቤት» አላቸው። እኔን ዞሮ አላየኝም።

እሑድ፣ ጥር 22

ሮብ ገበያ ደርሼ ተመለስኩ። እግሬ ደክሟል፣ እጄ ግን መጻፍ ይፈልጋል።

ፊልሙ ዳሱ ውስጥ በጄኔሬተር ታየ። ሙሽራዋ ስትሰናበት የምታለቅስበት ላይ ሴቶቹ እንደገና አለቀሱ። ደምለውም ነበረ፤ የሙሽራው ዘመድ ነው። ሲያልቅ ሰው «ማን ሠራው?» ሲል እሱ ቀደመኝ። «እኔ ዘንድ የሠለጠነች ልጅ ናት!»

ተነሣሁ። «ጋሽ ደምለው፣ አቃጥላለች ብለው ለነገሯቸው ሁሉ እውነቱን ይንገሩልኝ። እዚሁ።»

አንዱ አጎት «ልጄ፣ የሰው ደስታ ላይ…» ሲል መሪጌታ ላቀ እጃቸውን አነሡ። «ደምለው፣ ተጠየቅህ።»

ጠላውን አስቀመጠ። አነሣ። አስቀመጠ።

«አላቃጠለችም።»

«አልተሰማንም» አሉ መሪጌታ።

«አላቃጠለችም! ዳንቴሉ ነው!»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም አልገባውም። ነገ ደብረ ማርቆስ ወሬው እንዴት ሆኖ እንደሚደርስ እንጃ፤ ምናልባት ዳንቴል ያቃጠልኩ ይሉኝ ይሆናል። ይበሉ። ሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥሬን ወስደዋል፤ አንደኛው ለየካቲት ሠርግ።

እቤት ስገባ እማ አጠገቡ ተቀምጣ ሌላ ትሠራለች፤ አነስ ያለች።

«ይቺ ደግሞ ለምኑ ናት?»

«ለስክሪኑ። እሱም ይተነፍሳል እንዴ?»

ስክሪኑ ጀርባ የተበሳሳውን የአየር መውጫ አሳየኋት። በጣቷ ነካካችው። «ይተነፍሳል» አለች፣ እንዳዘነች። ክሩን ግን አልፈታችም። አሁንም ትሠራለች። ጠዋት ቀድሜያት መነሣት አለብኝ።