ዋቲ የለወጠው ስንኝ

ኢሽቤልዬ፣

ዛሬ ፖርትሶይ ላይ ያየሁትን ለአንቺ ሳልነግር አላድርም። በምሳ ሰዓት፣ በአሮጌው የዓሣ መጋዘን በተዘጋጀ የዘፈን መድረክ፣ ኤልስፔት የምትባል የሰባ ዓመት ሴት «የባለወፍጮው ሚስት» የሚባለውን የድሮ ዘፈን ታዜም ነበር። ሚስትየዋ ከቫዮሊን ተጫዋች ጋር ትኮበልላለች፤ በክረምት ተመልሳ በር ስታንኳኳ ባሏ ጨክኖ ሳይከፍትላት ያድራል፤ ጠዋት በረዶ ላይ ሞታ ያገኛታል።

ኤልስፔት ባልየው የሚመልስበት ቦታ ስትደርስ ቃሉ ጠፋት። ይሄኔ ከኋላ ዋቲ ተነሣ። ከሃያ ዓመት በፊት ለአንድ መርከበኛ ብላ ጥላው የሄደችው ባሏ ነው። መርከበኛው ከሞተ ወዲህም፣ በአንድ መንደር እየኖሩ አይነጋገሩም አሉኝ። ዋቲ በሻካራ ድምፁ ተቀበላት፦

«ግቢ የኔ ዓለም፣ በሩ አልተቆለፈ፣
ያስቀየመን ነገር ከክረምት ጋር አለፈ።»

«ዘፈኑ እንደሱ አይደለም!» አለችው ፊቷ ደም መስሎ።

«አውቃለሁ። እኔ ግን ቤቴ ሁሌም እንዲህ ነው የማዜመው።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ፣ አንተ ግትር?»

«መች አንኳኳሽ?»

ከመድረክ ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች። የቀረውን ስንኝ የጠየቀ የለም። እኛ ፔዝሊ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሳምንት ያምሰን ነበር፤ እዚህ ግን ለሁለቱም የዓሣ ሾርባ ቀድተው ሰጧቸው፣ አለቀ።

እናትሽን ሳሚልኝ፤ ለጎርደንም ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ነፋሱም ተስማምቶኛል። ፖስት ካርዱ ሞላ።

ያንቺዋ ዩና