በማላለቅስበት ቋንቋ

ረሆቮት፣ ጥር 1985 ዓ.ም.

ወዳጄ ፈንታሁን፣

ሰላምታው ከታች አለልህ፤ መጀመሪያ ግራ የገባኝን ልንገርህ። ትናንት ከሰዓት ክፋር ግቢሮል በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ፣ የጎንደር ጎረቤታችን የነበሩት የእትዬ ይታየሽ ልጅ በዕብራይስጥ የጻፈችውን ታሪክ አነበበች። ያቺ ጥሩዓለም ዛሬ ሬቪታል ተብላለች። እናትዮዋም እኔም ቋንቋውን አናውቅም። ልጅቱ «አምቦበር» ብላ የትውልድ መንደራቸውን ስትጠራ እትዬ ይታየሽ እንደ አገር ቤት ሰርግ እልል አሉ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ልጅቱ ማንበቧን አቆመች።

«እማ፣ የመንግስቴን ቀብር እኮ ነው የማነበው» አለች በአማርኛ። ሱዳን በረሃ የቀረው ወንድሟ ነው።

«ታዲያ እኔ በማላለቅስበት ቋንቋ ለምን ጻፍሽው?»

«በአማርኛ መጻፍ መች ተማርኩና?»

እኔና አንተ ክፍል ገብተን ለተማሪዎቻችን «በሰው ቋንቋ መጻፍ ቅኝ የተገዙት አገሮች ደራስያን ጣጣ ነው፤ እኛን አይነካንም» ስንል ኖረናል። አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ለእናትዮዋ አዝኜ፣ «በእናቷ ቋንቋ መጻፍ ነበረባት» አልኳቸው።

«የኔ እናትማ በድሮው ቋንቋችን በቋረኛ ነበር የምታለቅስ» አሉኝ። «እኔ አማርኛ ብቻ ነው የማውቅ።»

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትህን እትዬ ዘውዲቱንና ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ያንን በሰው ቋንቋ ስለመጻፍ የምናስተምረውን ምዕራፍ ግን እኔ ሳልመጣ ለተማሪዎቹ እንዳትጀምርላቸው።

ማለደ