አፈ ሰፊው ገመድ

ሰኞ

እንደገና ጠፋ። ላፕቶፑ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ይግላል፣ ከውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ድርግም። የፋይል ማስቀመጫ ቦታውም ሞልቷል። አዲሱን ሃርድ ዲስክ ከጎንደር ያስመጣሁት ሁሉን ወደሱ ላሸጋግር ነበር፤ ገመዱ ግን ጫፉ ላይ ተሰበረ። አፈ ሰፊ ነው፤ ሁለት አፍ ጎን ለጎን የተጣበቀ ይመስላል። የደባርቅን የሞባይል ሱቆች በሙሉ ዞርኩ። "ይሄ ደግሞ የምን ነው?" ይሉኛል።

የቀረጽኳቸው ሠርጎችስ ይጥፉ፤ ባለቤቶቹ ቅጂያቸውን ወስደዋል። የእርቁ ቪዲዮ ግን ሌላ ቦታ የለም። ዳባት አጠገብ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች ሲታረቁ እንድቀርጽ የጠሩኝ ከሁለቱም ስላልሆንኩ ነው። "እስላም ናት፣ ለማንም አታዳላም" ብለው። የገዳይ ወገን ለሟች ቤት መሬት ሰጠ። አሁን ሰጪዎቹ "እስከ ግራሩ ነው" ይላሉ፣ ተቀባዮቹ "እስከ ወንዙ"። ቃሉን የተናገሩት ሽማግሌ ሞተዋል። ሐሙስ፣ በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቪዲዮውን ሊያዩ ይሰበሰባሉ።

ማክሰኞ

ትንሽ ድል! የድሮ ስልክ ቻርጀር ገመድ በሰፊው ቀዳዳ ግማሽ ላይ ገባ። ሃርድ ዲስኩ በራ! መቅዳት ጀመርኩ፤ "ሦስት ሰዓት ይቀራል" አለኝ። እማዬ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለች። እንቁላሉ ሳይነሳ ላፕቶፑ ጠፋ።

ፋይሉ አንድ ወጥ ስለሆነ ግማሹ አይተርፍም፤ ሁልጊዜ ከዜሮ ነው። አንድ ወጥ ያደረግሁት እኔው ነኝ። "አንዲት ቃል እንዳትቆርጪ" ብለው ስላስማሉኝ፣ ካሜራው የከፋፈለውን ሁሉ አጋጥሜ፣ ካርዱን ለሌላ ሥራ አጠፋሁት። ታማኝነቴ ጉድ አደረገኝ።

ረቡዕ

የአክስቴ ልጅ ጀማል በጭነት መኪናው ከሽሬ እየመጣ ነው፤ ገመዱን አግኝቷል። በዚያ ገመድ እኮ ሻይ ጠጥተው እስኪነሱ ያልቃል! ከሰዓት ደወለ። ሊማሊሞ ላይ ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል፤ እሱ ዛሪማ ቆሟል።

ሽምግልናውን አሁን የያዙት ቄስ፣ መምሬ ይመር፣ መጡ። ላፕቶፑ ያለ መብራት አይነሳም፤ ሚካኤል ደጅ ደግሞ መብራት የለም፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገን ዛሬውኑ ሱቄ መጥተው ይዩት ብዬ ለመንኳቸው።

"ልጄ፣ ደመኛ በአንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጥም። ከሚካኤል ደጅ በቀር የሚያገናኛቸው የለም።"

"እንግዲያ እርስዎ ይዩትና ይመስክሩ።"

"የእህቴ ልጅ ካንደኛው ቤት ተድራለች። ማን ያምነኛል?"

ፈራሁ። እሳቸውም ፈርተዋል።

እንደወጡ ላፕቶፑን ከፍቼ ስክሪኑን በስልኬ ቀረጽኩት። ሽማግሌው "መሬቱ እስከ ግራሩ" ሲሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰጪዎቹ "ሰጥተናል" አሉ። የሟች ታላቅ ወንድም ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ድርግም። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ አልበራም። አለቀስኩ።

ሐሙስ

ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የሟች ወንድም መጨረሻ ላይ አየውና ሳይቆጣ ስልኩን መለሰልኝ።

"የኛ መልስ የታል? ቆርጠሽዋል።"

"ወላሂ አልቆረጥኩም" አልኩት።

"መሐላሽንማ ያኔም ሰምተናል" አለኝ።

በእርቁ ዕለት እሱ ራሱ "ተቀብለናል" ብሎ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የኔን ጆሮ ግን ማን ይጠይቃል? መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ለመኑ። የሚሳለም ጠፋ። አንዱ ወገን በላይኛው በር፣ ሌላው በታችኛው ወጣ።

ቅዳሜ

መንገዱ ተከፈተ፣ ጀማል ደረሰ። ገመዱን ከነፌስታሉ ሰጠኝና "ፈጣኑ ነው፤ በይ ገላገልኩሽ!" አለ እየሳቀ። ሃርድ ዲስኩ ላይ ሰካሁት፤ ልክክ አለ። በወዲያኛው ጫፍ የምሰካበት የለኝም።

እማዬ የምትነግደውን ጨርቅ ሸጣ ከገበያ ስትመለስ፣ ከሁለቱም ቤተሰብ ገበያ የወጡት ሴቶቹ ብቻ ናቸው አለችኝ። ጨው ገዝተው ቶሎ ተመለሱ። ወንዶቹ የት እንደዋሉ አልጠየቀቻቸውም። እኔም አልጠየቅኳትም።