“ቤቱንም፣ መሬቱንም” ያሉት የክብርት ወይዘሮ አዴሊን ጼዛ የሕይወት ታሪክ (1951–2023)

ክብርት ወይዘሮ አዴሊን ጼዛ ከአባታቸው ከአቶ ዘፊሪን ጼዛ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዛሊ ያኪሌያ፣ በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ እኛ የምድሩ ቀደምት ነዋሪዎች ዴኔዎች ደቾ በምንለው ታላቅ ወንዝ ዳር፣ ከቱጼ መንደር በላይ ባለው የቤተሰቡ የአደን ሰፈር እ.ኤ.አ. በመስከረም 1951 ተወለዱ። ለቤተሰቡ አምስተኛ ልጅ ነበሩ።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከታላቅ ወንድማቸው ከጆርጅ ጋር በጀልባ ተጭነው ወደ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። እዚያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መናገር ያስቀጣ ነበር። ጆርጅ በሁለተኛው ክረምት በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ የት እንደተቀበረ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። ወይዘሮ አዴሊን ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ “ሂሳብ አስተማሩኝ፤ ጎበዝ ነበርኩ” ብለው ወሬ ይለውጡ ነበር።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ከእናታቸው ጋር ለመግባባት ቋንቋቸውን እንደ አዲስ ተማሩ። በ1976 በወንዙ ላይ የጭነት ጀልባ ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ኖርበርት ላሩሽ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። በእነዚያ ዓመታት ሥራቸው የፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነበር።

ሥራውን የተዉት በ1998 ነው። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጆቻቸውን በማስጠጋታቸው “ያልተመዘገቡ እንግዶች አስገብተዋል” ተብለው በጥር ብርድ ከመንግሥት ቤት እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ወይዘሮ አዴሊን “ክቡር ዳኛ፣ በእኛ ቋንቋ የልጅ ልጅ እንግዳ አይባልም” ቢሉ፣ “የተባልሽውን ተርጉሚ” ተባሉ። ተረጎሙ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ወይዘሮ አዴሊንም ተከትለዋቸው ወጡ፤ ወደዚያ ችሎት ዳግም አልተመለሱም። በተከታዩ ዓመት ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድረው ተመረጡ። በዴኔ ቋንቋ ንግግራቸውን ሲከፍቱ ከአባላቱ አንዱ “አስተርጓሚ የለም!” ብሎ ጮኸ። “እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የናንተን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እርስዎ አምስት ደቂቃ ይታገሡ” አሉት።

ከባዱ ፈተና የመጣው በ2004 መኸር ነው። የቤቶች ሚኒስትሩ አቶ ግራንት ሆልብሩክ ለቱጼ አርባ አዲስ ቤቶች ተፈቅደዋል ብለው አበሠሩ። ብሥራቱ ግን ማሰሪያ ነበረው፦ የመንደሩ መሬት በሙሉ ለዘለዓለም የመንግሥት ነው ብሎ የመንደሩ ሸንጎ መፈረም ነበረበት። ሕዝባችን ደግሞ ለዚያው መሬት ከመንግሥት ጋር ለዓመታት ሲደራደር ቆይቷል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተፈረመ ቤቶቹ ለሌላ ከተማ ይሰጣሉ ተባለ።

በጥር መንደሩ በአዳራሹ ተሰበሰበ። የወይዘሮ አዴሊን የሟች እኅታቸው ልጅ ሮወና ሕፃኑን ዶሚኒክን አቅፋ ተነሣች። ሁለት መኝታ ክፍል ባለው ቤት ለአሥራ አንድ ይኖሩ ነበር፤ ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሯል፤ ሕፃኑ እስትንፋስ እያጠረው ሁለት ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል ተወስዷል።

“አክስቴ፣ መሬት መሬት ትያለሽ። ልጄ ሲታፈን መሬቱን ላልብሰው?” አለች።

“ሮወና፣ ተቀመጪ” አሏት የሸንጎው ሊቀ መንበር።

“አልቀመጥም! እርስዎማ ምን አለብዎት፣ ቤትዎ ይሞቃል!”

ከኋላ አንዱ “ፈርሙና እንገላገል!” ሲል ሌላው “አባትህ በሕይወት ቢኖር ይህን ትናገር ነበር?” ብሎ ተነሣበት። ሁለቱን ሰው መሐል ገብቶ ያዛቸው።

ወይዘሮ አዴሊን ጸጥታ እስኪሆን ጠብቀው፣ “ሁለቱንም ነው የምንጠይቀው፤ ቤቱንም፣ መሬቱንም” አሉ።

“ሁለቱንም ቢከለክሉሽስ?” አለች ሮወና።

ሸንጎው በጥቂት ድምፅ ብልጫ “አንፈርምም” አለ። ሮወናም አክስቷን ቀና ብላ ሳታይ ወጣች።

በማግሥቱ ወይዘሮ አዴሊንና ባለቤታቸው ቤታቸውን ለቀቁላት። “ምጽዋትሽን አልፈልግም” ብትላቸው “ለአንቺ ማን ሰጠሽ? ለልጁ ነው። ቁልፉ በሩ ላይ ነው” አሏት። እነርሱ ከጓሮ ድንኳን ተክለው በእንጨት ምድጃ እየሞቁ ከረሙ። አቶ ኖርበርት ለሚጠይቃቸው ሁሉ “ሚስቴ ትልቅ ሰው ስትሆን ያገኘነው ሹመት ይኸው ነው” እያሉ ይስቁ ነበር።

በቤቶቹ በጀት ላይ የተጣለውን የፊርማ ግዴታ ለመሰረዝ ወይዘሮ አዴሊን ያቀረቡት ሐሳብ በየካቲት መጨረሻ ለድምፅ ቀረበ። በዚያው ሳምንት ዶሚኒክ እንደገና ታምሞ ምክር ቤቱ ወዳለበት ወደ የሎናይፍ ከተማ ተወሰደ። ወይዘሮ አዴሊን ጠዋት ሆስፒታል ሄዱ። ሕፃኑ አፍንጫው ላይ የኦክሲጅን ቱቦ ተደርጎለት ነበር። ሮወና በኮሪደሩ ላይ መንገድ ዘግታ “ዛሬ ብትሸነፊ እዚህ እንዳትመጪ” አለቻቸው። “እሺ” ብለው ሄዱ።

ምክር ቤቱ በር ላይ ሚኒስትሩ ጠበቋቸው። “ወይዘሮ አዴሊን፣ እናቅልለው። ከቤቶቹ ሥር ያለውን ቁራጭ ብቻ ፈርሙ፤ ነገ ግንባታ ይጀመራል።”

ሕፃኑ በዓይናቸው ላይ ነበር። በኋላ ለልጆቻቸው እንደነገሩት “እሺ” ሊሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። “ዛሬ ከቤቱ ሥር ያለውን፣ ነገ ከመንገዱ ሥር ያለውን ትሉናላችሁ” ብለው ገቡ።

ያን ቀን የተናገሩት አጭር ነው። የሕፃኑን ስም፣ ያለበትን ሆስፒታልና ክፍሉን ተናግረው፣ “መንግሥት ለዚህ ልጅ ትንፋሽ መሬት እየጠየቀ ነው” ብለው ተቀመጡ። ድምፁ አንድ በአንድ ተቆጠረ። የመጨረሻው እጅ ሲቀር እኩል ለእኩል ነበር። እርሱም የአንዲት የማዕድን ከተማ ተወካይ የአቶ ዋረን ኬስለር ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ወይዘሮ አዴሊንን ሲቃወሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው እጃቸውን ለድጋፍ አነሡ። ሲጠየቁም “ሴትዮዋን አሁንም አልወዳትም፤ ይህ ግን ነውር ነው” አሉ።

ወይዘሮ አዴሊን ካፖርት ሳይደርቡ በዚያ ብርድ ወደ ሆስፒታል ሮጡ። ሮወና ፊታቸውን አይታ ከበሩ ዞር አለችላቸው።

ዶሚኒክ ዳነ። ቤቶቹ የተሠሩት ግን ከሁለት ክረምት በኋላ ነው፤ ቁጥራቸውም ከአርባ ወደ ሃያ ስድስት ወርዶ ነበር። ቤቶቹ እስኪሠሩ ሲጠበቅ፣ በፍርድ ቤት ያስተረጎሙላቸው ሽማግሌ አቶ አልፎንስ ቤያ በልጃቸው ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ አረፉ። ወይዘሮ አዴሊን አዲሶቹ ቤቶች ሲመረቁ ሪባኑን እንዲቆርጡ ቢጠየቁ እምቢ ብለው ከሕዝቡ ጋር ቆሙ።

በ2011 ከምክር ቤት ተሰናበቱ። የትዳር ጓደኛቸውን አቶ ኖርበርትን በ2016 በሞት ካጡ በኋላም የመሬቱን ድርድር ከሚመሩት አንዷ ሆነው ቀጠሉ። ሮወናን ወደ ድርድሩ ያስገቧት እርሳቸው ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ “ስትቆጣ አይታችኋታል?” ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በደቡብ ከሚገኝ ሆስፒታል እንዲቆዩ ቢመከሩም “ወንዙን ሳላይ አልሞትም” ብለው ወደ ቱጼ ተመለሱ። ሮወናና ዶሚኒክ እየተፈራረቁ አስታመሟቸው። የካቲት 9 ቀን 2023 ዓርፈዋል። ልጆቻቸው ጊልበርት፣ ኢርማና ሬሞን፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም መላው የቱጼ ሕዝብ በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

የመሬቱ ድርድር በመጪው ማክሰኞ ይቀጥላል። የመንግሥት ተወካዮች ስለ ሐዘናችን ቀኑ ይዛወር ወይ ብለው በአክብሮት ጠይቀዋል። ቤተሰቡ አመስግኖ አያስፈልግም ብሏል። በወንበራቸው ሮወና ትቀመጣለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ከማያስወጣቸው ቤት ያኑርልን። አሜን።